ወደ በረንዳ የሚወጣ ባለ ሁለት መዝጊያ በር፦ ክፍተቱ ጠማማ ሆነብኝ፣ ምን ላድርግ?

ፀሐይ ፈላጊ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ሳሎናችን ወደ በረንዳው የሚያይ ሰፊ መስኮት ነበረው። ከመስኮቱ በታች ያለውን ግንብ አስፈርሰን በር እያደረግነው ነው። ባለ ሁለት መዝጊያ፣ በማጠፊያ የሚከፈት፣ አብዛኛው መስታወት የሆነ የእንጨት በር። ተንሸራታች አልፈለግኩም። ተንሸራታች ምንጊዜም ግማሹ ዝግ ነው። እኔ ጠዋት ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ፀሐይዋ እስከ ሳሎኑ መሃል ስትገባ ማየት ነው የምፈልገው። እናቴም ከእኛ ጋር ናት። በምርኩዝ ስለምትሄድ፣ ደፉ ከፍ ካለ በረንዳ መውጣቷን ትተዋለች። ይኼ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

በሩ ታዟል። ከነመቃኑ ውጪ ለውጪ 160 በ210 ሴንቲ ነው። ክፍተቱን ከውስጥ ቆሜ ራሴ ለካሁት። ስፋቱ ከላይ 163፣ መሃል ላይ 162፣ ከታች 161 ሴንቲ። ቁመቱ በግራም በቀኝም 213 ተኩል። ማዕዘን ለማዕዘን ስለካው ደግሞ፣ ከታች ግራ እስከ ላይ ቀኝ 268.6፣ ከታች ቀኝ እስከ ላይ ግራ 267.4 መጣ።

የሚገጥምልን ልጅ አየውና «ችግር የለም፣ በሩ ይገባል። የተረፈውን ቦታ በፎም እንሞላዋለን፣ ዙሪያውን ከላይም ከታችም በሲሊኮን እንዘጋዋለን» አለኝ። ትጉ ልጅ ነው። ግን ልቤ አልተረጋጋም።

ይኼ ክፍተት እንዲሁ ይሆናል ወይ? በሩስ ወደ ውስጥ ይከፈት ወይስ ወደ ውጭ? የሚሠሩት ሰዎች በዚህ ሳምንት ወስኚ ብለውኛል። ከውስጥ በኩል ጠረጴዛችን ከበሩ 1 ሜትር ላይ ነው። በረንዳው ጣሪያ አለው፤ ነፋስ የያዘ ዝናብ ግን ግድግዳው ድረስ ይመጣል። የበረንዳው ወለል ከሳሎኑ የሚያንሰው በ1 ሴንቲ ብቻ ነው። እሱም ያሳስበኛል።


የእንጨት ሰው፦

እህቴ፣ ማዕዘን ለማዕዘን ለክተሽ ስለመጣሽ አመሰግንሻለሁ። ብዙ ሰው ስፋትና ቁመት ብቻ ይዞ ነው የሚመጣው። ክፍተቱ የቱ ጋ እንደታመመ የሚናገሩት ግን እነዚያ ሁለት ቁጥሮች ናቸው።

ወረቀት ላይ ሣልኩት። ከላይ በ2 ሴንቲ ይሰፋል። ሁለቱም ጎኖች እኩል ወደ ውጭ ያዘነበሉ ቢሆን ኖሮ ሰያፎቹ፣ ማለትም ማዕዘን ለማዕዘን ያሉት ልኮች፣ እኩል ይመጡ ነበር። ያንቺ በ12 ሚሊ ይለያያሉ፤ ረጅሙም ወደ ላይ ቀኝ የሚሄደው ነው። ስለዚህ የግራው ጎን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሁለቱም ሴንቲ ያለው በቀኙ ጎን ላይ ነው። ለማረጋገጥ ቱንቢ ጣዪ። በቀኝ በኩል ከላይ ወደ ውጭ ሸሽቶ ታገኚዋለሽ።

አሁን በሩን በሐሳብ እናስገባው። መቃኑ 160 ነው፣ ከታች ያለሽ 161። በየጎኑ 5 ሚሊ ብቻ ይተርፍሻል፤ ይኼ በጣም ጠባብ ነው። በቀኝ በኩል ደግሞ ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር 5 ሚሊው እያደገ 25 ሚሊ ይሆናል። ክፉ ቦታ ላይ ነው የሰፋው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

የመዝጊያው ክብደት በሙሉ ያለው ማጠፊያዎቹ ላይ ነው። ማጠፊያዎቹ ግን ሸክሙን አንድ ዓይነት አድርገው አይቀበሉም። የታችኛው ወደ ግድግዳው ይገፋል። የላይኛው ከግድግዳው ይጎተታል። በሩ ተዘግቶም፣ ሌሊትም፣ ማንም ሳይነካው ይጎትታል። ያንቺ የቀኝ ላይኛው ማጠፊያ ልክ 25 ሚሊ ባዶ የሆነበት ቦታ ላይ ይመጣል። ከኋላው ፎም ብቻ ካለ፣ ብሎኑን ስታጠብቂ መቃኑ ወደ ግድግዳው ይጎብጣል፤ ስታላዪው ደግሞ መዝጊያው ይዘምማል። ፎም ነፋስ ይከለክላል፣ ሙቀት ይይዛል፣ ድምፅ ይቀንሳል። ክብደት መሸከም ግን የእሱ ሥራ አይደለም።

ይኼን በመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንድ በር እንዲሁ በፎም ገጥሜ ሄድኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ መዝጊያዎቹ መሃል ላይ መጋጨት ጀመሩ ብለው ጠሩኝ። መላጊያ ይዤ ሄጄ ጠርዙን ላግኩት። እንደገና ጠሩኝ፣ እንደገና ላግኩት። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ነው ችግሩ መዝጊያው ላይ እንዳልሆነ የገባኝ። መቃኑን ነቅዬ ከማጠፊያው ኋላ ጠንካራ እንጨት ሰጥቼ መለስኩት፤ በሩም ልኩን ያዘ። የላግኩት እንጨት ግን አይመለስም። ክፍተቱ እስከ ዛሬ ይታያል።

ስለዚህ በሩ ሳይመጣ ግድግዳውን አስተካክሉት። መሃሉ 162 ነው አይደል? የቀኙን ጎን ከላይ 1 ሴንቲ በልስን ሙሉት፣ ከታች 1 ሴንቲ ጥረቡት። መሃሉን አትንኩት። ከላይ እስከ ታች 162 ይሆንልሻል፤ በየጎኑ 1 ሴንቲ ይተርፋል። ለሽብልቅም ለፎምም የሚበቃ ቦታ ነው። አዲሱን ልስን አሮጌ ለስላሳ ልስን ላይ እንዲሁ እንዳይለጥፉት። መጀመሪያ ይቧጨር፣ ይራስ።

ሌላም አለ። ከመስኮቱ በታች ግንቡን ስታፈርሱ በጎንና በጎን ያለው ብሎኬት ተቆርጦ ሆዱ ተከፍቷል ብዬ እገምታለሁ። የታችኛው ማጠፊያ የሚመጣው እዚያ ነው። ባዶ ብሎኬት ውስጥ የገባ ፊሸር፣ ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ፣ አይይዝም፣ ይሽከረከራል። ቀዳዳዎቹን በኮንክሪት ሙሏቸውና ይድረቁ። ብሎኑም ልስኑን አልፎ ግንቡ ውስጥ ቢያንስ 5 ሴንቲ ይግባ። ስፋቱን ስላልጨመራችሁ ከላይ ያለው ጉበን የድሮው ነው፤ እሱ አያሳስብሽ።

ሁለት ነገር ለክተሽ ንገሪኝ። አንደኛ፣ ከአራቱ ማዕዘኖች ሁለት ሲባጎ በመስቀል ወጥሪ፤ ሁለቱም ከግድግዳው የውጭ ፊት እኩል ይታሰሩ። መሃል ላይ ሲገናኙ ሊነካኩ ይገባል። ካልተነካኩ ግድግዳው ተጠምዟል ማለት ነው፤ ሁለቱ መዝጊያዎች ከላይ ገጥመው ከታች አንዱ ወደ ውጭ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ደፉ የሚቀመጥበት ላይ ረጅም ውሃ ልክ አድርጊ። አጭር ከሆነ ቀጥ ያለ ጣውላ ከሥሩ ይሁን። በተለይ መሃሉን እዪ። ሁለቱ መዝጊያዎች የሚገናኙት፣ የታችኛው መቀርቀሪያም የሚገባው እዚያ ነው።


በዝናብ የተማረች፦

ስለ ሲሊኮኑ እኔ ልናገር። እባክሽ የደፉን የውጭ ጠርዝ ከታች አታዘጊው!

እኛ ቤት የገጠመው ባለሙያ ዙሪያውን በሙሉ በሲሊኮን አተመው። ሲያዩት ንጹሕ ነበር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ከክረምቱ በኋላ የደፉ ሁለት ጫፎች መጥቆር ጀመሩ። ጣቴን ስጫነው እንጨቱ እንደ ስፖንጅ ገባልኝ። መቃኑ ከደፉ ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ይገባ ነበር። ጥቂት ነው፣ ግን ገብቶ የሚወጣበት አልነበረውም። ሲሊኮኑ እዚያው አቆየው።

ሁለተኛ ስናሠራው ከደፉ ሥር የታጠፈ ላሜራ ተደረገ። ከኋላ፣ ማለትም ወደ ቤት በኩል፣ 2 ሴንቲ ያህል ወደ ላይ የታጠፈ። ሁለቱ ጫፎቹም ወደ ላይ የታጠፉ። ፊቱ ብቻ ክፍት ነው፣ ወደ ውጭም በጥቂቱ ያዘነብላል። ውሃ ቢገባ እንኳ ላሜራው ላይ ወርዶ በፊት በኩል ይወጣል። ውሃ የማያሳልፈው ተለጣፊ ፕላስተርም በቅደም ተከተል ነው የሚለጠፈው። መጀመሪያ የታችኛው፣ ከዚያ የጎኖቹ በእሱ ላይ ተደርበው፣ በመጨረሻ የላይኛው። እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አስቢው። የላይኛው ከታችኛው ሥር ከገባ ውሃውን ወደ ግድግዳው ይመራዋል።

ሲሊኮን በጎኖቹና ከላይ ይሁን። ከታች የውጭው ጠርዝ ይተንፍስ። ሠራተኛው ረሳችሁት ብሎ ሊዘጋው ይችላልና ቆመሽ ጠብቂ።


መስታወት ቤት፦

ሰላም። እኔ በመስታወቱ በኩል አጭር ነገር ልጨምር። የበር መስታወት ቴምፐርድ፣ ማለትም በሙቀት እንዲጠነክር የተደረገ፣ መሆን አለበት። ሲሰበር ወደ ትንንሽ ድቡልቡል ፍርፋሪ ስለሚለወጥ እንደ ተራው መስታወት በስለት አይቆርጥም። ግን አንዴ ቴምፐርድ ከሆነ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም። ሚሊ እንኳ ከበለጠ ሌላ ማሠራት ነው። ስለዚህ መስታወቱ መታዘዝ ያለበት መዝጊያው ተሠርቶ ከተለካ በኋላ ነው።

ክብደቱን ለማወቅ ቀላል ነው። 1 ካሬ ሜትር መስታወት በየ1 ሚሊ ውፍረቱ 2 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ባለ 6 ሚሊ ከሆነ በካሬ 15 ኪሎ፣ ድርብ ሆኖ 4 እና 4 ሚሊ ከሆነ 20 ኪሎ። በአንቺ በር በየመዝጊያው ወደ 1 ካሬ የሚጠጋ መስታወት አለ። የእንጨቱን ሳንቆጥር ማለት ነው።

አንድ ሰዎች የማያውቁት ነገር ደግሞ አለ። መስታወቱ መዝጊያው ውስጥ ሲገባ ከሥሩ በማጠፊያው በኩል፣ ከላይ ደግሞ በተቃራኒው በእጀታው በኩል በትንንሽ የፕላስቲክ ማስደገፊያ መጠበቅ አለበት። ያኔ መስታወቱ ራሱ እንደ ሰያፍ ድጋፍ ሆኖ መዝጊያውን ይይዘዋል። ከሥር መሃል ላይ ብቻ ከተደገፈ ግን መዝጊያውን እያዘመመ የሚያወርደው እሱ ነው። ማስደገፊያዎቹ የት የት እንደገቡ መስታወቱን ዙሪያውን የሚይዘው ክፈፍ በምስማር ሳይመታ እዪ።


ፀሐይ ፈላጊ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ የእንጨት ሰው፣ ቱንቢ አውርጄ አየሁት። እንዳሉት ነው። የግራው ቀጥ ያለ ነው፣ የቀኙ ከላይ 2 ሴንቲ ወደ ውጭ ሸሽቷል። ሳያዩት እንዴት እንዳወቁት ለባለቤቴ ሳስረዳው ዋልኩ። ብሎኬቶቹም እውነትም ሆዳቸው ተከፍቷል። እጄን አስገብቼ አየሁት።

ሲባጎዎቹ መሃል ላይ አልተነካኩም፣ 7 ሚሊ ይራራቃሉ። ወለሉ ደግሞ ሁለቱ ጫፍ እኩል ነው፣ መሃሉ ግን 4 ሚሊ ጎድጉዷል። ግንቡ የነበረበት ቦታ ሴራሚክ የለውም፤ ቤቶኑ ከሳሎኑ ወለል በ2 ሴንቲ ዝቅ ይላል። ቁመቱን 213 ተኩል ያልኩት ከቤቶኑ ጀምሬ ነው።

ላሜራው ገብቶኛል። ግን ላሜራ ሲጨመር ደፉ ከፍ አይልም ወይ? እናቴን እያሰብኩ ነው። ደፉ 4 ሴንቲ ውፍረት አለው ብለውኛል።


የእንጨት ሰው፦

ቤቶኑ 2 ሴንቲ ዝቅ ማለቱ ዕድል ነው። ደፉን መቅበር እንችላለን።

እንዲህ አስቢው። ቤቶኑን 1 ሴንቲ ጥረቡት። ከሥር ላሜራውና ማስተካከያው ልስን ግማሽ ሴንቲ ይይዛሉ። መሃል ላይ ያለውም ጉድጓድ በዚያው ልስን ይስተካከላል። ደፉ 4 ነው። ሲደመር 4 ተኩል፤ 3ቱ ከሳሎኑ ወለል በታች ይቀራል። ከሳሎኑ በላይ የሚታየው 1 ሴንቲ ተኩል ነው። ጠርዙን በሰያፍ አስላጊው። እናትሽ በምርኩዝም ይሻገሩታል፣ እግራቸውም አይሰነካከልም።

ነገር ግን ዋጋ አለው። ላሜራው አሁን ከበረንዳው ወለል በታች ሆነ። ውሃው ወደ በረንዳው ሊወጣ አይችልም፤ ውሃ ሽቅብ አይሄድም። ስለዚህ ከደፉ ፊት ለፊት ቦይ ግድ ነው። በበሩ ስፋት ልክ፣ 10 ሴንቲ ስፋት ያለው፣ ከላሜራው ፊት ዝቅ ያለ፣ ወደ አንድ ጫፍ አዘንብሎ ውሃውን ከበረንዳው የሚያስወጣ። በላዩ ፍርግርግ ይሁን። ፍርግርጉን ስትገዢ የእናትሽን ምርኩዝ ይዘሽ ሂጂ። ጫፉ የማይገባበት ቀዳዳ ያለውን ምረጪ። በረንዳውንም ወደፊት ሴራሚክ ስትቀይሩ በየ1 ሜትሩ 2 ሴንቲ ወደ ውጭ ያዘንብል።

ይኼን ቦይ አንሠራም ካላችሁ ደፉን ከፍ አድርጉት። ሁለቱንም መተው ግን አይቻልም።

ስለ ጥምዘቱ። ሲባጎው መሃል ላይ 7 ሚሊ ካሳየ፣ አንዱ ማዕዘን 14 ሚሊ ወጥቷል ማለት ነው። መቃኑ ግድግዳውን መከተል የለበትም። መቃኑ ቱንቢን ይከተል። ከግድግዳው ፊት አንዱ ጋ ትንሽ ገባ፣ ሌላው ጋ ትንሽ ወጣ ይላል። ያንን ልስኑና የጠርዙ እንጨት ይሸፍኑታል። ግድግዳውን አስከትላችሁ መቃኑን ካጠመዛችሁት ግን ሁለቱ መዝጊያዎች እስከ ዘላለም አይገጥሙም።

ወደ ውጭ ይከፈት። መዝጊያው ወደ 78 ሴንቲ ነው፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ጠረጴዛሽ ጋ ወንበር አያስወጣም። ነፋስ ሲመጣ ደግሞ ወደ ውጭ የሚከፈተውን ከጎማው ጋር ያጣብቀዋል፣ ወደ ውስጥ የሚከፈተውን ግን ይገፋዋል። ነፋስ ካለው ዝናብ ጋር ለምትኖሪ ሰው ይኼ ትልቅ ልዩነት ነው። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂ። የማጠፊያው ዘንግ ከውጭ ስለሚታይ ተመትቶ የማይወጣ ዓይነት ይሁን። ሁለቱም መዝጊያ ሲከፈት ግድግዳው ላይ የሚይዘው መንጠቆ ይኑረው። ነፋስ በድንገት ቢወረውረው መስታወቱን ብቻ ሳይሆን ማጠፊያውን ነው የሚነቅለው።

የሚገጥመው ልጅ ትጉ ነው ካልሽ፣ ቅደም ተከተሉን አብረሽው ሂጂ። ደፉ መጀመሪያ ውሃ ልክ ይቁም፤ እሱ ሳይስተካከል ወደ ላይ የሚወጣ የለም። ከዚያ የግራው መቃን። በእያንዳንዱ ማጠፊያ ኋላ ሽብልቅ ይግባ፤ ሁለት ሁለት ሆኖ፣ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ ተቃራኒ። አንድ ብቻ ከገባ መቃኑን ያጣምመዋል። ብሎኑም በሽብልቁ ውስጥ ወይም እጅግ ተጠግቶ ይለፍ፣ ባዶ ቦታ ላይ አይጥበቅ። የቀኙም እንዲሁ። ብሎኑ ሙሉ በሙሉ ሳይጠብቅ መዝጊያዎቹ ይሰቀሉ። ይዘጉ። ዙሪያውን ስታዪ ከመቃኑ ጋር ያለው ክፍተት ሁሉም ቦታ ወደ 3 ሚሊ እኩል ይሁን። አንዱ ጋ ከጠበበ ሽብልቁን ነው የሚነካው። መላጊያ ላንሣ ካለ አቁሚው።

ፎሙ የመጨረሻ ነው። ብዙ የማያብጥ፣ ለበርና መስኮት ተብሎ የተዘጋጀውን ይጠቀም። በሩ ተዘግቶ፣ በመዝጊያውና በመቃኑ መሃል ስስ ካርቶን ገብቶ፣ የክፍተቱ ግማሽ ያህል ብቻ ይነፋ። እስኪደርቅ በሩ አይከፈት። ከላይ ያለው ሰፊ ክፍተት በጠንካራ እንጨት ይጥበብ፤ ጉበኑ መቃኑ ላይ እንዳይቀመጥ ግን 1 ሴንቲ ይተው።

አንድ የምለምንሽ ነገር። መዝጊያዎቹ ከመሰቀላቸው በፊት አጋድመሽ የታችኛውን ጠርዝ እዪ። ቀለም አለው? ብዙ ጊዜ ይዘለላል፣ ማንም ስለማያየው። እንጨት ደግሞ ውሃ የሚጠጣው በዚያ በተቆረጠው ጫፉ ነው። የላይኛውም እንዲሁ። ሁለት እጅ ቀለም በየጫፉ።


ፀሐይ ፈላጊ፦

ዛሬ ወደ ሠሪዎቹ ደውዬ ወደ ውጭ ይሁን አልኳቸው፤ የማይወጣ ዘንግና መንጠቆም ጨመሩበት። መስታወቱንም መዝጊያው ካለቀ በኋላ እንዲለኩ ተስማምተናል። የሚገጥመውን ልጅ ጠርቼ ሁሉንም አነበብኩለት። የላይኛው ማጠፊያ ይጎተታል የሚለው ጋ ስደርስ ዝም ብሎ ቆየ፣ ከዚያም ቀደም ሲል የገጠመውን አንድ በር ሄዶ ማየት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ነገ ብሎኬቶቹን ሊሞላ ይመጣል። እናቴ ምርኩዟን አበድራኛለች፤ ከሰዓት በኋላ ፍርግርግ ልፈልግ ነው።


የእንጨት ሰው፦

ጎሽ! ልስኑ ሲደርቅ ሰያፎቹን እንደገና ለኪና እዚህ ጻፊልኝ። ሁለቱ እኩል ሳይሆኑ መቃኑ እንዳይገባ።